ከተማችን ወደ ላይ ትደግ ብሎ ማን ይጠይቅ?

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ይህችን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ከቤተ መጻሕፍት ያነበብሁት ነገር አይደለም፤ የጧት መንገዴ ነው። የምኖረው በከተማው ጠርዝ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍ ይዘራበት በነበረ ሜዳ ላይ በተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። የሁለት ሰዓቱ ትምህርት እንዳያመልጠኝ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት እነሣለሁ። በጨለማ ወጥቼ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ፤ በመካከል ወርጄ ሌላ ሰልፍ እይዛለሁ፤ ስድስት ኪሎ ስደርስ የቀኑ ጉልበቴ እኩሌታው አልቋል። ማታም እንዲሁ ነው። በቀን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በመንገድ ላይ አጠፋለሁ። በሳምንት አምስት ቀን ሲታሰብ 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ይህም በክፍል ውስጥ በመምህር ፊት ከምቀመጥበት ጊዜ የሚያንስ አይደለም። እኔስ ተማሪ ነኝ፤ አብረውኝ የሚሰለፉት የጽዳት ሠራተኞች፥ አስተናጋጆችና የቀን ሠራተኞች ከእኔ ቀድመው ወጥተው ከእኔ በኋላ የሚገቡ ናቸው።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ቤተ ሰባችን ይኖር የነበረው ከአራት ኪሎ በስተጀርባ፥ አያቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በቆዩበት የቀበሌ ቤት ነበር። ቤቱን ላሞግሰው አልፈልግም። ሁለት ክፍል ነበር፤ ሰባት ሰዎች እንኖርበት ነበር፤ ጣራው ያፈሳል፤ ሽንት ቤቱን ከስድስት ቤተ ሰብ ጋር እንጋራ ነበር። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት የዐሥር ደቂቃ መንገድ፥ ከሐኪም ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነበርን። ሰፈሩ ለልማት ተፈለገና ፈረሰ፤ እኛም ወደ ጠርዙ ተሻገርን። አያቴን አንድ ቀን «ፎቅ ቤት እንዴት አገኙት?» ብዬ ብጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ፎቁን አልጠላሁትም። ውሃው ከቤቴ ገባ፤ ሽንት ቤቱም የራሴ ሆነ። የጠላሁት፥ ለቀብሬ የሚመጣው ሰው ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣ መሆኑን ነው።»

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ሁለት ነገር በአእምሮዬ ተቀርጿል። አንደኛው፥ አዲስ አበባ ወደ ጎን መሮጥዋን ትታ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ማደግ ያለባት መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ዐይነቱ ዕድገት ከላይ በትእዛዝ ሲመጣ ሕዝቡ የሚያውቀው በማፍረሻ መኪና ብቻ ስለሆነ፥ ነዋሪው ራሱ አምኖበትና ቃል ኪዳን ይዞ ካልጠየቀው በቀር የማይጸና መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ በአጭሩ ይኸው ነው። ማስረዳቱን ግን በየተራው ልሞክር።

በመጀመሪያ አንድ የተደባለቀ ነገር መለየት ይገባል። ብዙ ሰው «ጥግግት» የሚለውን ቃል ሲሰማ «መጨናነቅ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሁለቱ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። መጨናነቅ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚኖረው ሰው መብዛት ነው። ጥግግት በአንድ ጋሻም ሆነ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ የሚሠራው ቤት መብዛት ነው። የቀበሌ ቤታችን የተጨናነቀ ነበር፤ ነገር ግን ከምድር ከፍ ያለ አልነበረም። አራት ሰው በሦስት ክፍል ውስጥ በአምስተኛ ፎቅ ቢኖር ቤቱ ጥግግት ባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሰዉ ግን አልተጨናነቀም። እንዲያውም ቤት ሲበዛ መጨናነቅ ይቀንሳል።

ጥግግት ማለት ደግሞ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ማለት አይደለም። የፓሪስን ከተማ እንይ። ፓሪስ በወሰንዋ ውስጥ 105 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖራት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 20 ሺህ ሰው መሆኑ ነው። አብዛኛው ቤትዋ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ፎቅ ያለው፥ ከሥሩ ሱቅና ዳቦ ቤት ያለበት ሕንፃ ነው። አዲስ አበባ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፤ የዚያን ጊዜ ስፋትዋ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበርና በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርሰው ወደ 5 ሺህ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ እጅግ ጨምሯል፤ ከተማውም እየተስፋፋ ሄዷል።

የሒሳብ ተማሪዎች ይታገሡኝና አንድ ተራ ስሌት ላቅርብ። አንድ ሄክታር 10 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ 3 ሺውን ለመንገድና ለመሳሰለው ብንተው 7 ሺህ ይቀራል። ይህን በ200 ካሬ ሜትር ለየሰዉ ብናከፋፍለው የ35 ቤተ ሰብ መኖሪያ ይሆናል። እኩሌታውን፥ ማለት 3,500 ካሬ ሜትሩን፥ ምድር ቤቱን ጨምሮ አምስት ደርብ ብንሠራበት ግን 17,500 ካሬ ሜትር ወለል እናገኛለን። አንድ አምስተኛውን ለደረጃና ለመተላለፊያ ብንቀንስ 14 ሺህ ይተርፋል፤ ለያንዳንዱ ቤተ ሰብ 70 ካሬ ሜትር ብንሰጥ 200 ቤት ይወጣል። በዚህም ላይ 3,500 ካሬ ሜትር ለልጆች መጫወቻ፥ ለድንኳን መትከያና ለዛፍ ይተርፋል። 35 እና 200፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው። የውሃው ቧንቧ፥ የመብራቱ ምሰሶና የአውቶቡሱ መንገድ ግን ያው አንድ ሄክታር ነው።

ወደ ጎን የመስፋፋትስ ዋጋ ምንድን ነው? ዋጋውን በመጀመሪያ የከፈለው ገበሬው ነው። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን በአንድነት የሚያቅፍ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ሲወጣ በኦሮሚያ ያሉ የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች ተቃውሞ አነሡ፤ ነገሩ በ2008 ዓ.ም. ዳግመኛ ተቀሰቀሰ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻም በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። እንደገና በ2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ፥ ኮዬ ፈጬ ላይ የተሠሩት ቤቶች በማን መሬት ላይ ተሠሩ የሚል ከባድ ክርክር ተነሣ። በአንድ በኩል ዓመታት ሙሉ ከደመወዙ እየቆጠበ የጠበቀ የከተማ ሰው አለ፤ በ2005 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሕዝብ ከ9 መቶ ሺህ በላይ ነበር። በሌላ በኩል እርሻውን በጥቂት ካሣ ያስረከበ ገበሬ አለ። ሁለቱ ድኾች ናቸው፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ተፋጠጡ። ያፋጠጣቸው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ በመካከለኛው ከተማ ያለው መሬት በቆርቆሮ አጥር ታጥሮ እያለ ቤት የሚሠራው በእርሻ ላይ መሆኑ አንዱና ትልቁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ዋጋ የመንገዱ ነው፤ እሱን በራሴ ሕይወት አስረድቻለሁ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል መሥመር አለው። ባቡር ግን ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበት ቦታ ካልሆነ በቀር ወጪውን ሊሸፍን አይችልም። ከጣቢያው በእግር የሚደረስበት ቦታ ሁሉ አንድ ደርብ ቤት ወይም ባዶ ግቢ ከሆነ፥ ባቡሩ ባዶ መሬት ያመላልሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሕዝቡ ስለ ምን አይደግፈውም? አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «ሕዝቡ ስላልሠለጠነ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። ሕዝቡ የሚፈራው ያየውን ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ፥ በዝቅተኛ ኪራይ የሚኖረው ብዙ የከተማ ድኻ የቀበሌ ተከራይ ሆነ። ኪራዩ ከመርከሱ የተነሣ ቤቱን ለማደስ እንኳ አይበቃም ነበር፤ ቤቱም አረጀ። ተከራዩ ግን መሐል ከተማ መኖሩ ብቻ የሀብቱ መጀመሪያ ነበር፦ ጉሊትዋን የምትዘረጋው እዚያ ነው፤ ልብስ የምታጥብላቸው ቤቶች እዚያ ናቸው፤ ዱቤ የሚሰጣት ባለ ሱቅ እዚያ ነው። ፎቅ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይሄዳል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ፥ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በካሳንችስ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ አይተናል። እንደዚህ ያለውን ነገር ያየ ሰው «ሰፈርህ ወደ ላይ ሊያድግ ነው» ቢባል፥ የሚሰማው «አንተ ልትሄድ ነው» ተብሎ ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የሚመለሰውም በስብከት ሳይሆን በዋስትና ነው።

አሁን ስለ ሌላው ወገን ልናገር፤ ይኸውም በስብሰባ ስለማይገኘው ሰው ነው። ስለ አንድ ሰፈር ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው እዚያው ሰፈር ቤት ያለው ሰው ነው። ነገ በሚሠራው ቤት ሊኖር የሚችለው ሰው ግን ዛሬ የዚያ ሰፈር ሰው አይደለም፤ ስለዚህ አልተጠራም። በሩቅ ደባል ሆኖ ይኖራል፤ ወይም በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል፤ ወይም ገና አልተወለደም። ቤት ያለው «አይሆንም» ሲል ድምፁ ይሰማል፤ ቤት የሌለው «ይሁን» ቢል የሚቆጥርለት የለም። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በባለጸጎቹ አገሮችም «ቤት ይሠራ፤ ግን በእኔ ጓሮ አይሁን» የሚለው ወገን ብዙ ዘመን ሲያሸንፍ ኖሯል። ሆኖም በቅርብ ዓመታት «በእኔም ጓሮ ይሁን» የሚሉ ዜጎች ተነሥተዋል። ከእነርሱ አንድ ድልና አንድ ሽንፈት ላንሣ፤ ከሁለቱም የምንማረው አለና።

ድሉ የኦክላንድ ነው። ኦክላንድ የኒው ዚላንድ ትልቅዋ ከተማ ናት፤ የተዘረጋችው ግቢ ባላቸው አንድ አንድ ቤቶች ነበር። ከተማዪቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥቅጥቅ ያለ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅድ የፕላን ረቂቅ ስታወጣ ነባር ባለ ቤቶች ተቃወሙ፤ ረቂቁም ተዳከመ። በየካቲት ወር 2016 ምክር ቤቱ የቤቶቹን ከፍታ ስለ መጨመር ያቀረበውን የራሱን ማስረጃ እንዲያነሣ ተጠየቀ። በስብሰባው ላይ ወጣቶች ተነሥተው «እኛስ የት እንኑር?» የሚል ንግግር ሲያደርጉ በዕድሜ ከገፉት ባለ ቤቶች መካከል አንዳንዶቹ ጮኹባቸው። የዚያን ቀን ወጣቶቹ ተሸነፉ። ነገር ግን ያ ጩኸት በአገሩ ሁሉ ተሰማና፥ ብዙ ሰው ነገሩ በቤት ያላቸውና በቤት የሌላቸው መካከል ያለ የፍትሕ ጥያቄ መሆኑን አስተዋለ። ስለ አየር ንብረት ተቆርቁረው የተሰባሰቡት የ«ጀነሬሽን ዜሮ» ወጣቶችም አስቀድመው ጀምረው የእድሜ እኩዮቻቸውን ሐሳብ ወደ ፕላኑ ሲያስገቡ ቆይተው ነበር። በነሐሴ ወር 2016 ገለልተኛ የዳኝነት ሸንጎ ያቀረበውን ሐሳብ ምክር ቤቱ በአብዛኛው ተቀበለና ከከተማዪቱ የመኖሪያ መሬት ሦስት አራተኛ ያህሉ ከቀድሞው የበዛ ቤት እንዲሠራበት ተፈቀደ። በአምስት ዓመት ውስጥ የሚሰጠው የቤት ግንባታ ፈቃድ እጥፍ ያህል ሆነ። ይህን ሁሉ ወጣቶቹ ብቻቸውን አመጡት አልልም፤ የቤት ዋጋ መናርም የሸንጎው ጥናትም ረድቷል። ነገር ግን በስብሰባው ላይ የሌለውን ሰው ወንበር ይዘው የተቀመጡት እነርሱ ነበሩ።

ሽንፈቱ የካሊፎርኒያ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት የሒሳብ አስተማሪ፥ ሶንያ ትራውስ፥ ጓደኞችዋን ሰብስባ አዲስ ቤት እንዲሠራ በየስብሰባው እየተገኘች መደገፍ ጀመረች፤ ከዚያ የተነሣው እንቅስቃሴ በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። በ2018 መጀመሪያ ስኮት ዊነር የተባሉ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል በባቡርና በአውቶቡስ መሥመር አጠገብ ከፍ ያለ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅድ ቁጥር 827 ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን በድኻ ሰፈር ያሉ የተከራይ ማኅበሮች አስቀድመው በሚገባ አልተመከሩበትም፤ «ይህ ሕግ እኛን ያፈናቅላል» ብለው ባለጸጋ ባለ ቤቶች በቆሙበት ጎን ቆሙ። ረቂቁ በሚያዝያ ወር በኮሚቴ ውስጥ ሞተ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ተመሳሳይ ሕግ ለመጽደቅ እስከ ጥቅምት 2025 መጠበቅ ግድ ሆነ፤ ይህም ሁለተኛው ሕግ ተከራዮች የሚኖሩባቸውን ቤቶች ከመፍረስ የሚጠብቅ አንቀጽ ጨምሯል። ሰባት ዓመት የጠፋው ቴክኒክ ጎድሎ አልነበረም፤ ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሰው በሚገባ ስላልተጠየቀ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የማገኘው ትምህርት ይህ ነው፦ ቤት የሌለው ሰው ወኪል ያስፈልገዋል፤ ቤቱ ሊፈርስበት የሚችለው ድኻ ደግሞ ዋስ ያስፈልገዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን የጣለ እንቅስቃሴ አይቆምም። እነዚህን ሁለት ሰዎች ደግሞ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ የሚችል ማን ነው? እኛ ነን እላለሁ። ቤት ስለሌለን የመጀመሪያው ወገን ነን፤ አብዛኞቻችን የቀበሌ ቤት ልጆች ስለሆንን የሁለተኛውም ወገን ነን።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን እንዲያስብበት አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ አንድ ሰፈር እንምረጥ። ከግቢያችን በእግር የሚደረስበት፥ ገና ያልፈረሰ፥ ያረጀ ሰፈር ይሁን። የሶሲዮሎጂና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ቤት ለቤት ሄደው ስንት ቤተ ሰብ እንዳለ፥ በምን እንደሚተዳደር፥ የት እንደሚሠራ፥ ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚመኝ ይጻፉ። በልደታ የሕንፃ ትምህርት የሚማሩ ጓደኞቻችን ከዚያ በኋላ ይሥሩ፤ የሰውን ኑሮ ሳይለኩ መሬቱን መለካት የቀድሞው ስሕተት ነውና።

ሁለተኛ፤ በእድር በኩል እንግባ። በአዲስ አበባ ከእድር የሚበልጥ በሕዝብ የታመነ ማኅበር የለም። የእድር ዳኛና ጸሐፊ ያልተቀበሉትን ነገር ሰፈሩ አይቀበለውም። የምንሄደውም ልንሰብክ ሳይሆን ልንጠይቅ ይሁን። «እዚሁ ሳትለቁ ፎቅ ቢሠራላችሁ በምን ውል ትስማማላችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚሉትን እንጻፍ፤ የጻፍነውንም መልሰን እናንብብላቸው።

ሦስተኛ፤ ቃል ኪዳኑን በሦስት ነጥብ እናጽና። በደረጃ ይሠራ፤ ማለት አስቀድሞ በባዶው ቦታ አንድ ሕንፃ ይሠራና የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ይግቡ፤ ከዚያ የእነርሱ ቤት ይፍረስና ለቀጣዮቹ ይሠራ፤ እንዲህ ሲሆን ማንም ሰው ከሰፈሩ ሳይወጣ ሰፈሩ ይታደሳል። መግዛት የማይችለው በኪራይ ይቆይ፤ በኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ድኾች የባንኩን ዕዳ መክፈል ተስኗቸው ቤቱን ለሌላ አከራይተው ወደ ባሰ ቤት መመለሳቸውን ሁላችንም የምናውቀው ነው። ምድር ቤቱ ለጉሊት፥ ለሱቅና ለእድር ይሁን፤ እንጀራ የሚጋገርበትና ለቅሶ የሚቀመጡበት ኮሚናል በመጨረሻ የሚታሰብ ሳይሆን በመጀመሪያ የሚሣል ይሁን።

አራተኛ፤ የሕግ ተማሪዎች መብታችንን ይንገሩን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረ ሰባቸውን በሚመለከት ልማት ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መብት ሰጥቷል፤ በአንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ለሚፈናቀሉት ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ማካካሻ እንዲደረግ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለ ይዞታዎች መሬታቸው ለመልሶ ማልማት ሲፈለግ በተናጠል ወይም በቡድን ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ፈቅዷል። የቀበሌ ተከራይ ግን ባለ ይዞታ አይደለም። እንግዲህ ተከራዮችም በማኅበር ተደራጅተው ይህ ቅድሚያ እንዲሰጣቸው መጠየቅ የእኛ ሥራ ይሆናል። በወረቀት ያለ መብት የሚሠራው የሚጠይቀው ሰው ሲኖር ነውና።

አምስተኛ፤ አንድ ጊዜ ጮኸን ዝም አንበል። በኦክላንድ ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከ መጨረሻው ውሳኔ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። እኛ በአራትና በአምስት ዓመት ተመርቀን እንሄዳለን፤ ስለዚህ መዝገቡ ለሚተካው ተማሪ የሚተላለፍ ይሁን።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ፎቅ ለባህላችን አይስማማም፤ ሀበሻ ግቢ ይወዳል» ይል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ሐረር ነው። ጁገል ግንቡ ከተሠራበት ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በ48 ሄክታር ያህል መሬት ውስጥ ቤቱ ከቤት ተደግፎ፥ መንገዱ ለሰውና ለአህያ ብቻ ጠብቦ፥ መስጊዱና ገበያው በእግር የሚደረስ ሆኖ ኖሯል፤ ዩኔስኮም በ1998 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ አግብቶታል። ተጠጋግቶ በክብር መኖር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም።

ሌላው ደግሞ «ፎቅ ቢበዛ የሚገዛው ባለጸጋ ነው» ይል ይሆናል። ይህ ግማሽ እውነት አለው። ዋስትና የሌለው ጥግግት ለባለጸጋ አዳራሽ ለድኻ መንገድ ማሳያ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሦስቱን ነጥቦች ያስቀመጥሁት ስለዚሁ ነው። ነገር ግን ቤት ባለመሥራት ድኻ የተጠቀመበት ከተማ አላየሁም። ቤት ሲያንስ ከወረፋው የሚወጣው ሁልጊዜ የመጨረሻው ሰው ነው።

ሦስተኛው «ተማሪ ይማር፤ ይህ የመሐንዲስና የሹም ሥራ ነው» የሚል ነው። በዚሁ በስድስት ኪሎ ግቢ ይማሩ የነበሩ ታላላቆቻችን በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሲወጡ አብዛኞቹ ገበሬዎች አልነበሩም። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ድኾች ከእንግዳ ዓይን እንዲሰወሩ ሾላ በሚባለው ሰፈር መታጎራቸውን ሰምተው፥ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው አደባባይ ወጥተዋል። የእነርሱን ዘመን መንገድ ሁሉ እንከተል አልልም፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን መከራ እናውቃለን። ነገር ግን ድኻን ከዓይን ማራቅ የከተማ ማሳመር አለመሆኑን ያስተዋሉት ቀድመውን ነው። እኛ ደግሞ ከተቃውሞ አንድ ርምጃ አልፈን፥ «ይህ አይሁን» ብቻ ሳይሆን «ይህ በዚህ ውል ይሁን» ለማለት መብቃት አለብን። «አይሁን» ማለት ቀላል ነው። «ይሁን» ማለት ግን ኀላፊነት ያመጣል፤ ሒሳብ ማስላትን፥ ሰፈር ለሰፈር መዞርን፥ ከባለ ሥልጣንም ከእድር ዳኛም ጋር መቀመጥን ይጠይቃል።

መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። የተርም ወረቀት ስታዙን ስለ ሩቅ አገር ከተማ ብቻ አትዘዙን፤ ከግቢው አጥር ወዲያ ያለውን ሰፈር እንድናጠና እዘዙን። በየዓመቱ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው ወረቀት ለአንድ ሰፈር ሰዎች መከራከሪያ ሊሆን ይችላል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እንግዲህ ከተማ ማለት ጎረቤትን ማብዛት ከሆነ፥ የምንጠይቀው ጎረቤቱ ሳይበተን ጎረቤት እንዲጨመርበት ነው። አያቴ አሁንም በየወሩ የእድራቸውን መዋጮ ለመክፈል ሁለት ታክሲ ተሳፍረው አራት ኪሎ ይመጣሉ። እድሩ የሚሰበሰብበት ቤት ፈርሷልና የሚሰበሰቡት በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፥ ከዛፍ ሥር ነው። ከአጥሩ ማዶ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። ባለፈው ወር ይዣቸው ስሄድ፥ በቦታው ስንት ሰው ሊኖር እንደሚችል በልቤ አሰላሁ። ለእድሩ አባሎች ሁሉ ይበቃል፤ ለእኔ ብጤውም ይተርፋል።